«ቀብድ ከፍለናል፤ ልቤ ግን አልረጋም»

ደብዳቤው (ለማሳጠር ሲባል የተቀነሰ)፦

«ልጃችን 9 ዓመቷ ነው። 5 ዓመቷ ላይ ሁለቱ ጉልበቶቿና አንድ ቁርጭምጭሚቷ አብጠው የልጆች አርትራይተስ ነው ተባልን። አሁን በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ሜቶትሬክሴት ትወጋለች። የምወጋት እኔ ነኝ። ቅዳሜን ሙሉ ስታቅለሸልሽ ትውላለች። አሁን አሁንማ ለቅሶው ከሐሙስ ማታ ይጀምራል። ቢጫውን መርፌ ገና ስታየው ያስመልሳታል። ከድሮው ይሻላታል፤ ግን ጠዋት ጠዋት ጉልበቷ ደርቆ ደረጃ መውረድ ይቸግራታል። ባለቤቴ ኢንተርኔት ላይ ውጭ አገር ያለ አንድ ክሊኒክ አገኘ። ከእትብት የተወሰደ ስቴም ሴል (ሌላ ዓይነት ሴል ሊሆን የሚችል ጥሬ ሴል) በደም ሥር ይሰጣሉ፤ ‹ኢሚውኒቲን እንደ አዲስ እናስጀምራለን› ይላሉ። የዳኑ ልጆች ቪዲዮ አላቸው። ቀብድ ከፍለናል። ቀሪውን በዚህ ወር ካልከፈልን ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል ተብለናል። ከመሄዳችን 4 ሳምንት በፊት መርፌዋን እንድናቆምም ነግረውናል። ሐኪሟ ይቆጡናል ብለን ስለፈራን አልነገርናቸውም። የዓይን ምርመራም ነበራት፤ ዓይኗ ምንም ስላልሆነ ካቋረጥነው ቆይተናል። ባለቤቴ ‹ሳንሞክር ቀርተን አድጋ ብትወቅሰንስ?› ይላል። እሷ ደግሞ ‹ከዚያ በኋላ መርፌ የለም አይደል?› ትለኛለች። ምን ላድርግ?»
ግራ የገባት እናት

መልስ፦

እህቴ፣ ክሊኒኩ ትንሽ ይቆየን። መጀመሪያ የዓይን ምርመራው።

የልጆች አርትራይተስ መገጣጠሚያ ላይ ብቻ አይቆምም። ዓይን ውስጥም ብግነት ያስነሳል፤ ዩቪያይቲስ ይባላል። ክፋቱ ምልክት አለማሳየቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ዓይን አይቀላም፣ አያምም፣ አያስለቅስም። ለውጡ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ልጅም «አላይም» ብላ አትናገርም፤ ትለምደዋለች። የዓይን ሐኪም አገጯን አስደግፎ ስሊት ላምፕ በሚባለው የዓይን መመርመሪያ መሣሪያ ካላያት በስተቀር አንቺም ሆንሽ አባቷ ልታውቁት አትችሉም። ሳይታይ ከከረመ የዓይን ሞራ፣ ግላኮማ፣ ብሎም የማይመለስ የማየት ችግር ያመጣል። ደግሞ በብዛት የሚያጠቃው በልጅነታቸው፣ በጥቂት መገጣጠሚያዎች የጀመራቸውን ሴት ልጆች ነው። የአንቺ ልጅ ማለት ናት። የደም ምርመራቸው ላይ ኤኤንኤ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘ በየ3 ወሩ መታየት አለባቸው። ስለዚህ «ዓይኗ ምንም ስላልሆነ» የሚለውን ሳነብ ደነገጥኩ። ዛሬ ደውለሽ ቀጠሮ አስይዢ። ስለ ሌላው የፈለግነውን ያህል ብንከራከር ይህ አያከራክርም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሙሉውን ደብዳቤ ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ስቴም ሴል የጻፍሽው ጥቂት መስመር ነው። የቀረው ገጽ በሙሉ ስለ ዓርብ ማታ ነው፦ ልጅቷ እንዴት እንደምትደበቅ፣ አንቺ እንዴት እጅሽ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ቅዳሜ ቤቱ እንዴት ጭር እንደሚል። እንደ እኔ ግምት ክሊኒኩ የሚሸጥላችሁ መርፌ የሌለበትን ዓርብ ነው። ልጅቷም የገባት እንደዚያ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ለዓርብ ማታ መፍትሔ አለው። ሜቶትሬክሴት ማቅለሽለሹ የታወቀ ነው። ልጆች መድኃኒቱ ገና ሰውነታቸው ሳይገባ፣ ቢጫውን ቀለም ሲያዩ ብቻ ማስመለሳቸውም በሐኪሞች ዘንድ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ቅብጠት አይደለም። አእምሮዋ መርፌውንና ማቅለሽለሹን አንድ አድርጎ ይዟቸዋል። ለዚህ የሚደረጉ ነገሮች አሉ። ፎሊክ አሲድ ትወስዳለች? ከመርፌው በፊት የማስመለሻ ማስታገሻ ታዞላት ያውቃል? መርፌው ቀለሙ እንዳይታያት ተሸፍኖ ያውቃል? ሁልጊዜ የምትወጊያት አንቺ ብቻ መሆንሽስ? ይህ ሁሉ ካልሠራ መድኃኒቱን መለወጥም ይቻላል።

ለመሆኑ ሐኪሟ ይህን ያውቃሉ? «ትንሽ ያቅለሸልሻታል» ማለትሽን አይደለም የምጠይቅሽ። ከሐሙስ ጀምሮ እንደምታለቅስ፣ ቅዳሜ እንደማትበላ፣ አንቺም ከዚህ በላይ መቀጠል እንደማትችዪ ነግረሻቸዋል? ብዙ ወላጅ ቀጠሮ ላይ ሲቀርብ ይጨምታል። «እንዴት ናት?» ሲባል «ደህና ናት» ይልና ይወጣል። ሐኪም ያልሰማውን ችግር አያክምም።

መለወጫው ምን እንደሆነ ላሳይሽ፤ እግረ መንገዴንም «የተረጋገጠ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል። ኢታነርሴፕት የሚባል መድኃኒት አለ። ቲኤንኤፍ የሚባለውን፣ ብግነት የሚያቀጣጥለውን የሰውነት መልእክተኛ ይዞ ያስቀራል። እሱም የኢሚውኒቲ ሕክምና ነው፤ እንዳይመስልሽ ሐኪሞች የኢሚውኒቲ ሕክምና ጠልተው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ ብዙ መገጣጠሚያቸውን የታመሙ፣ ሜቶትሬክሴት ያልሠራላቸው ወይም ያልተስማማቸው 69 ልጆች ወሰዱት። ሜቶትሬክሴት እንደ ልጅሽ ያስቸገራቸው ማለት ነው። በ3 ወር ውስጥ 51ዱ ተሻላቸው።

ክሊኒክ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ቪዲዮ ይቀርጽ ነበር። 51 የዳነ ልጅ!

ተመራማሪዎቹ ግን አላቆሙም። የተሻላቸውን ልጆች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ መድኃኒቱን ቀጠሉ፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ተወጉ። የትኛው የትኛውን እንደሚወስድ ወላጅም ሐኪምም አያውቅም። መድኃኒት ከሌለበት መርፌ ከተሰጣቸው 26 ልጆች 21ዱ አገረሸባቸው። መድኃኒቱን ከቀጠሉት 25 ልጆች ያገረሸባቸው 7 ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው የታየው። ኢታነርሴፕት የተረጋገጠው ልጆች ስለተሻላቸው ሳይሆን፣ ያላገኙት ልጆች ምን እንደሆኑ ስለታወቀ ነው።

ይህ ሁለተኛው እርምጃ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ታሪክ ልጨምርልሽ። በሽታው ሌላ ነው፣ ታማሚዎቹም አዋቂዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ኖርዌይ ውስጥ ፍሉገ እና ሜላ የሚባሉ ሁለት የካንሰር ሐኪሞች አሉ። ለዓመታት በሥር የሰደደ ድካም ሕመም የተሠቃየች ታማሚያቸው ለካንሰሯ ኬሞቴራፒ ስትወስድ ድካሙም ሲለቃት አዩ። ገረማቸው። ሪቱክሲማብ የተባለ የተወሰኑ የመከላከያ ሴሎችን የሚያጠፋ መድኃኒት በ30 ታማሚዎች ላይ ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ወጣ፦ መድኃኒቱን ካገኙት 15 ሰዎች 10ሩ ተሻላቸው፤ ካላገኙት 15ቱ ደግሞ 2 ብቻ። ታማሚዎች በደስታ ሰከሩ። መድኃኒቱን ፍለጋ በየቦታው የተንከራተቱም ነበሩ።

ሐኪሞቹ ግን በ151 ሰዎች ላይ ደገሙት። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም፣ ከመድኃኒቱ ወገን የተሻላቸው 26 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበትን ካገኙት ደግሞ 35 በመቶ ሆነ። ከባድ የጎንዮሽ ችግርም በመድኃኒቱ ወገን በዛ። ያ ሁሉ ተስፋ እንደ ጉም በነነ። ለእነዚህ ሐኪሞች ትልቅ አክብሮት አለኝ። የራሳቸውን ግኝት ራሳቸው ፈትነው፣ አልሠራም ብለው ጻፉ። ያንቺ ክሊኒክ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ያውቃል?

መድኃኒት ሳያገኙ ከተሻላቸው 35 በመቶ ሰዎች መካከል አንዱን ካሜራ ፊት ብታቆሚው ዕንባ እየተናነቀው ይመሰክርልሻል። ውሸታምም አይደለም። የልጅሽ በሽታ ደግሞ ከፍ ዝቅ የሚል ነው። ሰው ውጭ አገር ድረስ የሚሄደው ሲብስበት ነው፤ ከባሰው ቀን በኋላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የተሻለ ቀን ነው። በአንዳንድ ልጆች በሽታው ጭራሽ ለዓመታት ይተኛል። ቪዲዮው ላይ ያሉት ልጆች ሌላ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ፣ ከስድስት ወር በኋላ እንዴት እንደሆኑ፣ ከነሱ ጋር ሄደው ያልተሻላቸው ስንት እንደሆኑ ቪዲዮው አይነግርሽም። አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂ፦ መርፌው ውስጥ ከሴሉ ሌላ ምን አለ? ስቴሮይድ ከተጨመረበት እብጠቱ ለጊዜው ጸጥ ይላል፤ እሱን ግን የልጅሽ ሐኪምም ሊሰጣት ይችላል።

«ኢሚውኒቲን እንደ አዲስ ማስጀመር» የሚለው ነገር ያናድደኛል። ምክንያቱም እውነተኛው ዓይነት አለ። ምንም መድኃኒት ያልበገረው ከባድ አርትራይተስ የነበረባቸው ጥቂት ልጆች የራሳቸው የመቅኔ ሴል ተወስዶ፣ የመከላከያ ሥርዓታቸው በኃይለኛ መድኃኒት ተጠርጎ፣ ከዚያ ሴሉ ተመልሶላቸዋል። በትልቅ ሆስፒታል፣ ተለይተው በተኙበት ክፍል። በዚያም ላይ ሕይወታቸው ያለፈ ልጆች ነበሩ። እንደ አዲስ ማስጀመር ማለት ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ ተንጠባጥቦ ማታ ሆቴል የሚያስገባ ነገር ስሙን ተውሶ ነው እንጂ ሥራው ሌላ ነው።

«ስቴም ሴል ሁሉ ማጭበርበር ነው» እንዳልኩ እንዳይወሰድብኝ። ከመቅኔ ለጋሽ የሚገኝ አንድ የሴል ሕክምና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በኤፍዲኤ ለልጆች ተፈቅዷል። ለአንድ ነገር ብቻ፦ ከንቅለ ተከላ በኋላ የለጋሹ ሴሎች የልጁን ሰውነት ሲያጠቁና ስቴሮይድ ሲያቅተው። ከዚያ በፊት በ2020 እና በ2023 «በቂ አይደለም» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። እንዲያ ተፈትኖ የተፈቀደው ለዚያ በሽታ ነው። ለአርትራይተስ አይደለም፤ ያንቺ ክሊኒክ የሚሰጠው ሴልም እሱ አይደለም።

ጉዳት የለውም የሚሉትንም አትመኚ። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ከእትብት ደም የተሠራ ምርት መገጣጠሚያቸውንና ጀርባቸውን የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል ገቡ። ያልተከፈቱ ብልቃጦች ሲመረመሩ ባክቴሪያው እዚያው ውስጥ ተገኘ። ያ የሆነው ተቆጣጣሪ ባለበት አገር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ ግን ያቺ «4 ሳምንት ቀድማችሁ መርፌውን አቁሙ» የምትለዋ ናት። ማን ነው ያዘዘው? ልጅሽን መርምሮ ያውቃል? ሜቶትሬክሴት ሲቋረጥ ጉልበቷ ሊያገረሽ ይችላል። ዓይኗም እንዲሁ፤ መድኃኒቱ እሱንም ጭምር ሊጠብቅላት ይችላል። እንግዲህ አስቢው፦ መርፌው ቆሞ፣ ዓይኗ ሳይታይ፣ ሐኪሟ ምንም ሳያውቁ። ከጉዞ ተመልሳችሁ በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳት ቢይዛት ማን ዘንድ ትወስጃታለሽ? ለእሱስ ምን ተሰጣት ብለሽ ትነግሪዋለሽ?

ክሊኒኩን በጽሑፍ ጠይቁት። ሴሉን ያገኙትን ልጆች ካላገኙት ጋር ያወዳደራችሁበት ጥናት የት ታተመ? «ምርመራ ላይ ያለ ሕክምና ነው» ካሏችሁ ደግሞ ለምን ያስከፍላሉ? በደንበኛ ጥናት ላይ የሚሳተፍ ታማሚ ለሚፈተነው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየው ወረቀት ይሰጠዋል፣ በፈለገ ጊዜም ይወጣል። በዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ስሙ መኖሩ ብቻውን በቂ እንዳይመስላችሁ፤ የሚያስከፍሉ ክሊኒኮችም እዚያ ይመዘገባሉ። መልሱ ሌላ ቪዲዮ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

ባለቤትሽን በተመለከተ። ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል ይባላል፤ አልፈርድበትም። መርፌውን የምትሰጪው አንቺ ነሽ፣ ሐኪም ቤት የምታመላልሺያትም አንቺ ነሽ። እሱ ምን ይሥራ? ማታ ማታ ስልኩን ይዞ ይፈልጋል። ያገኘውን ነገር «ማጭበርበር ነው» ብትዪው የምትነጥቂው ክሊኒኩን ብቻ አይደለም፤ ለልጁ ያደረገውን ብቸኛ ነገር ነው። ስለዚህ ክርክሩን ተዪውና ሥራ ስጪው። ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ለክሊኒኩ እሱ ይጻፍ። የሐኪሟ ቀጠሮ ላይ እሱም ይገኝ፣ ስለ ኢታነርሴፕትና አዳሊሙማብ እሱ ይጠይቅ። (አዳሊሙማብም ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ነው። ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲሰጥ ለዓይን ብግነቱ እንደሚጠቅም በ2017 በታተመ የልጆች ጥናት ታይቷል፤ ኢታነርሴፕት ግን ለዓይኑ አይመረጥም። ምርጫው የዓይን ምርመራውን ውጤት የሚጠብቀው ለዚህ ነው።) ዓርብ ማታም አንዳንዴ እሱ ይውጋት።

«አድጋ ብትወቅሰንስ?» ለሚለው፦ ልጆች ወላጆቻቸውን በብዙ ነገር ይወቅሳሉ፣ ምን ይደረግ። ግን «ለምን ያልተፈተነውን አልሰጣችሁኝም» ከሚለው ይልቅ «ዓይኔን ለምን አላሳያችሁም» የሚለውን መመለስ ይከብዳል።

ሐኪሟ ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ። ልጅ የሚያክም ሰው ስለ ስቴም ሴል ሲጠየቅ የመጀመሪያው አይሆንም። «እንዲህ ያለ ነገር አግኝተናል፣ ቀብድም ከፍለናል፣ መርፌው አቅቶናል» ብላችሁ እንዳለ ንገሯቸው። ከተቆጡ በኋላ ምንም አማራጭ ሳይነግሯችሁ ቢያሰናብቷችሁ ሌላ የልጆች መገጣጠሚያ ሐኪም ማየት መብታችሁ ነው። ሐኪሟ ራሳቸው፣ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ለልጆች ያልተጻፈ ነገር እንሞክር ሊሉም ይችላሉ። እሱ ከክሊኒኩ ጋር አንድ አይደለም። በልጆች ሕክምና የተለመደ ነው፤ ደሟን እያዩ፣ የሚለካው ነገርና የሚያቆሙበት ቀን ቀድሞ ታውቆ ነው የሚሰጣት። ያን ጊዜ «ያልተረጋገጠ» የሚለው ቃል ብቻውን አያስፈራሽ።

ቀብዱን እርሱት። የማይመለስ ከሆነ ሄዷል፤ ቀሪውን መክፈል አያስመልሰውም። «ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል» የሚለው ማስቸኮያ ነው። ለዓመታት የቆየ ሕመም በዚህ ወር መጨረሻ በሚዘጋ በር አይታከምም። ሐኪሟን እስክታነጋግሩ የገንዘብ ዝውውር እንዳታደርጉ፤ መርፌውንም ከሐኪሟ ውጭ ማንም እንዳያስቆማችሁ።

ልጅቷን ግን አትዋሻት። «ከዚያ በኋላ መርፌ የለም አይደል?» ስትልሽ «ገና አላወቅንም፤ መርፌው እንዳያስመልስሽ ግን ከዶክተርሽ ጋር መላ እንፈልጋለን» በያት። 9 ዓመት ትንሽ አይደለም። ቀጠሮው ላይ አስገቧትና ስለ ቢጫው መርፌ ራሷ ትንገራቸው።